የኋላ ጎማ የሚናገረው በወንበር በኩል ነው፦ ስለ እሽቅድምድም ሲሙሌተር የወንበር ንዝረት

በእሽቅድምድም ሲሙሌተር፣ ማለትም የመኪና ውድድርን በሚያስመስል የኮምፒዩተር ጨዋታ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ስለሚነዳው መኪና የሚያውቀውን ሁሉ የሚያገኘው በዓይኑ፣ በጆሮውና በእጁ ነው። ዓይኑ ስክሪኑን ያያል፤ ጆሮው የሞተሩንና የጎማውን ድምፅ ይሰማል፤ እጁ ደግሞ በውስጡ ሞተር ያለው መሪ ሲከብድና ሲቀል፣ ሲስብና ሲለቅ ይከታተላል። ከእነዚህ መካከል እጅ የሚያገኘው መረጃ እጅግ ጠቃሚ ቢሆንም ጎዶሎ ነው፤ ምክንያቱም መሪ የተያያዘው ከፊት ጎማዎች ጋር ብቻ ነው። የፊቱ ጎማ መሬት መያዙን ሲለቅ መሪው ወዲያው ይቀላል። የኋላው ጎማ ሲንሸራተት ግን መሪው የሚናገረው ዘግይቶ፣ የመኪናው ጀርባ መዞር ከጀመረ በኋላ ነው። በእውነተኛ መኪና ውስጥ ይህን ክፍተት የሚሞላው ወንበሩ ነው፤ የሻንሲው መንቀጥቀጥ በወንበሩ አድርጎ ወደ ነጂው ጭን፣ ወገብና ጀርባ ስለሚደርስ ሰውነቱ ነገሩን ከመሪው ቀድሞ ያውቀዋል። በሲሙሌተር ላይ ግን ወንበሩ ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ ነው። ወደዚህ ዝምተኛ ወንበር ንዝረት እንዴት እንደሚጨመር፣ ንዝረቱ ምን ሊናገር እንደሚችልና ምን ሊናገር እንደማይችል ከዚህ በታች ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ጭነት ይዘው ሲወርዱ የኖሩ ሾፌሮች ይህን ጉዳይ ያለ ፊዚክስ ትምህርት ያውቁታል። በዚያ ቁልቁለት ላይ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው እየተጨማደደ ሞገድ ይሠራል፤ ሾፌሩም ዓይኑን ከኩርባው ሳያነሣ የጎማዎቹን ሁኔታ መከታተል አለበት። ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩትን አጎቴን «ጋሼ፣ የኋላው ጎማ ሊቆለፍ መሆኑን በምን ያውቃሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው መልሳቸው አጭር ነበር፦ «በመቀመጫዬ ነዋ! እግርማ ምኑን ያውቀዋል?»

ለወንበር ንዝረት በብዛት የሚያገለግለው መሣሪያ ቤዝ ሼከር፣ ባጭሩ ሼከር ይባላል። አሠራሩ ለስፒከር በጣም የቀረበ ነው። በስፒከር ውስጥ ማግኔትና የመዳብ ሽቦ ጥቅል አሉ፤ በጥቅሉ ውስጥ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ጥቅሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል፣ ከእርሱ ጋር የተጣበቀው ወረቀትም አየሩን እየገፋ ድምፅ ይፈጥራል። በሼከር ውስጥ ይህ ወረቀት የለም። በምትኩ አንድ ከባድ ብረት፣ ብዙውን ጊዜ ማግኔቱ ራሱ፣ በላስቲክ ወይም በሞላ ተይዞ ይመላለሳል። ብረቱ ወደ ላይ ሲወረወር የመሣሪያው አካል ወደ ታች ይገፋል፤ ብረቱ ወደ ታች ሲመለስ ደግሞ አካሉ ወደ ላይ ይገፋል። አካሉ በቡሎን ከወንበሩ ጋር ስለታሰረ ይህ ግፊት በቀጥታ ወደ ተቀማጩ ይተላለፋል። አየር የሚገፋ ሰፊ ገጽ ስለሌለው በጆሮ የሚሰማው ነገር ጥቂት ነው፤ ኃይሉ የሚሄደው ወደ ጠጣሩ አካል ነው።

የእነዚህ መሣሪያዎች የሥራ ክልል ጠባብ ነው። ለምሳሌ በሲሙሌተር ሠሪዎች ዘንድ የታወቀው የኦራሳውንድ ኤኤስቲ-2ቢ-4 የተሠራው ለ50 ዋት ኃይል፣ ለ4 ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋምና በሴኮንድ ከ20 እስከ 80 ጊዜ ለሚመላለስ ንዝረት፣ ማለትም ከ20 እስከ 80 ሄርዝ ሲሆን፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚበረታው በ40 ሄርዝ አካባቢ ነው። ባትኪከር የተባለው ዓይነት ትልቁ ሞዴል ክልሉ ከ5 እስከ 200 ሄርዝ ይደርሳል፤ ዋጋውም ክብደቱም እንዲሁ ከፍ ይላል። አንድ ሼከር በሚበረታበት ድግግሞሽ ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ተሰጥቶት ብዙ ይነዝራል፤ ከዚያ ወጣ ሲል ግን ብዙ ተሰጥቶትም ትንሽ ነው የሚመልሰው። ስለዚህ ገዢው ከዋቱ ቁጥር በፊት የድግግሞሹን ክልል ቢመለከት ይሻለዋል።

የሰው አካል በበኩሉ ንዝረትን የሚቀበለው በአንድ ዓይነት ነርቭ ብቻ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጣሊያናዊው የአካል አጥኚ ፊሊፖ ፓሲኒ ያጠናቸውና በስሙ የሚጠሩት የቆዳ ውስጥ ሕዋሳት ፈጣን ንዝረትን በተለይም ከ200 እስከ 300 ሄርዝ አካባቢ ያለውን እጅግ ረቂቅ ቢሆንም ይለያሉ። ከዚያ ዝቅ ያለውን፣ ከ10 እስከ 50 ሄርዝ ያለውን፣ ሌሎች ወደ ቆዳው ገጽ የቀረቡ ሕዋሳት ይቀበሉታል፤ ጡንቻና አጥንትም ይሳተፋሉ። ልዩነቱ በስሜት ደረጃ ግልጽ ነው። በጥምቀት ዕለት ከከበሮው አጠገብ የቆመ ሰው የከበሮውን ምት ከጆሮው ይልቅ በደረቱ እንደሚቀበለው ሁሉ፣ ዝቅተኛው ንዝረት ግፊትና ምት ሆኖ ይሰማል፤ ከፍተኛው ደግሞ እንደ መንዘር፣ እንደ ማሳከክ ያለ ነገር ይሆናል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቢመጡ እንኳ አካሉ ሊለያቸው ይችላል። ሁለት በአርባዎቹ ሄርዝ የሚገኙ ንዝረቶች አብረው ቢመጡ ግን ተደባልቀው አንድ ይሆናሉ፤ ይህን ነጥብ ወደ ኋላ ላይ እንፈልገዋለን።

አሁን ወደ መንገዱ እንውጣ። በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ላይ የተነጠፈው ኮብልስቶን የአንዱ ድንጋይ ጎን 10 ሳንቲሜትር ያህል ነው እንበል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ በሴኮንድ 5.6 ሜትር ይጓዛል፤ ስለዚህ ጎማው በሴኮንድ 56 ድንጋይ ይቆጥራል፤ ንዝረቱም 56 ሄርዝ ነው። ይህ በሼከሩ የሥራ ክልል መካከል ላይ የሚያርፍ ስለሆነ የኮብልስቶንን ስሜት በወንበር ላይ ማምጣት እጅግ ቀላል ነው። ፍጥነቱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ከፍ ቢል ቁጥሩ ወደ 111 ሄርዝ ይወጣል፤ ትንሹ ሼከር ከዚህ ላይ መድከም ይጀምራል። በውድድር መም ጠርዝ ላይ ያለው ባለ ጥርስ ኮንክሪትም ስሌቱ ያው ነው፤ የጥርሶቹ ርቀትና የመኪናው ፍጥነት ድግግሞሹን ይወስናሉ።

የዓባይ በረሃው የአስፋልት ሞገድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከአንዱ ጉብታ እስከ ቀጣዩ 5 ሜትር ቢሆንና መኪናው በሴኮንድ 10 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ ንዝረቱ በሴኮንድ 2 ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ሼከር ሊያሰማ አይችልም፤ ምክንያቱም የሚያስፈልገው እንቅስቃሴ በጣም ሰፊ ነው። በ40 ሄርዝ ላይ ወንበሩ ከመሃሉ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ቢመላለስ ሰውየው የሚሰማው ማጣደፍ (የፍጥነቱ የለውጥ መጠን) በሴኮንድ ካሬ 6.3 ሜትር ይደርሳል፤ ይህም ከመሬት ስበት ግማሽ በላይ ስለሆነ ጠንካራ ስሜት ነው። በ2 ሄርዝ ላይ ይህንኑ ማጣደፍ ለማግኘት ወንበሩ ከመሃሉ ወደ ላይ 4 ሳንቲሜትር፣ ወደ ታችም 4 ሳንቲሜትር መሄድ ይኖርበታል። ድግግሞሹ በ20 እጥፍ ሲቀንስ የሚያስፈልገው ርቀት በ400 እጥፍ የሚያድገው በዚህ ሕግ ነው። ይህን ያህል የሚያነሣ ነገር ሞተርና ረጃጅም ብሎን ያለው ተንቀሳቃሽ መድረክ እንጂ ሼከር አይደለም። በኩርባ ላይ ወደ ጎን የሚገፋው ኃይልና ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት የሚወረውረውም እንዲሁ ከሼከር አቅም ውጭ ናቸው። ሼከር የሚያመጣው የመንገዱን ሸካራነት፣ የጎማውን መንሸራተትና የማርሹን ምት ነው፤ ከዚህ በላይ የሚጠብቅ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

ሼከሩ ምን እንደሚነዝር የሚነግረው ከየት ይመጣል? ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው የጨዋታውን ድምፅ ወስዶ ከ80 ወይም ከ100 ሄርዝ በታች ያለውን ብቻ በማጣሪያ ለይቶ ወደ ሼከሩ መላክ ነው። ይህ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይሠራል፤ ምንም ሶፍትዌር አይጠይቅም፤ በፕሌይስቴሽንም ሆነ በኮምፒዩተር ላይ ይሆናል። ጉድለቱ ግን ድምፅ ለጆሮ ተብሎ የተቀመረ መሆኑ ነው። የሞተሩ ጩኸት፣ የተመልካቹ ሁካታና የምናሌው ሙዚቃ ሁሉ ወደ ወንበሩ ይወርዳሉ፤ የኋላ ጎማ መንሸራተት ግን በድምፁ ውስጥ ቀጭን፣ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ጩኸት ስለሆነ ማጣሪያው ቆርጦ ይጥለዋል። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚመጣው ወንበሩን የሚያሞቅ ነው እንጂ ለነጂው ወሬ የሚያቀብል አይደለም። በኔ ግምት ብዙ ሰዎች ሼከርን ለአንድ ሳምንት ወደውት ከዚያ የሚያጠፉት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ቴሌሜትሪ ነው። ሲሙሌተሩ በእያንዳንዱ ቅጽበት የመኪናውን ሁኔታ በቁጥር ያሰላል፦ የእያንዳንዱ ጎማ የመሽከርከር ፍጥነት፣ የሞላው መጨመቅ፣ የሞተሩ ዙር፣ የማርሹ ቁጥር፣ የፍሬኑ ግፊት። ብዙ ጨዋታዎች እነዚህን ቁጥሮች ለሌሎች ፕሮግራሞች ያካፍላሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው አይሬሲንግ በሴኮንድ 60 ጊዜ ይልካል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አሴቶ ኮርሳ ደግሞ ሌላ ፕሮግራም ሊያነበው በሚችል የጋራ ሜሞሪ ላይ ያስቀምጠዋል። የፎርሙላ ዋን ጨዋታዎች በኔትወርክ በ20777 ፖርት በኩል ይልካሉ፣ የሚላክበትንም ፍጥነት በሴኮንድ እስከ 60 ጊዜ ያስመርጣሉ፤ እነዚህ በኮንሶል ላይ እየተጫወቱ እንኳ መረጃውን በአጠገብ ወዳለ ኮምፒዩተር ማድረስ ይችላሉ። ይህን መረጃ ተቀብሎ ወደ ንዝረት የሚቀይረው በብዛት የታወቀው ፕሮግራም ሲምሃብ ነው፤ ያለ ክፍያ ይወርዳል፣ ለሙሉ ፍጥነቱ ግን መጠነኛ የፈቃድ ክፍያ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። መረጃው በሴኮንድ 60 ጊዜ ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ በሴኮንድ 56 ጊዜ የሚመላለሰውን የኮብልስቶን ንዝረት እንዴት ሊይዝ ይችላል? ሊይዘው አይችልም። በሴኮንድ 60 ጊዜ በመለካት በትክክል ሊታወቅ የሚችለው ከ30 ሄርዝ በታች የሆነ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ንዝረቱን እንዳለ ከጨዋታው አይገለብጥም፤ ራሱ ይፈጥረዋል። ከጨዋታው «የኋላው ግራ ጎማ በዚህ መጠን እየተንሸራተተ ነው» የሚል ቁጥር ይቀበላል፤ ከዚያ ተጠቃሚው አስቀድሞ በመረጠው ድግግሞሽ፣ ለምሳሌ በ35 ሄርዝ፣ ንዝረት ያመነጫል፤ ቁጥሩ ሲያድግ ያጎላዋል፣ ሲያንስ ያለዝበዋል። የንዝረቱን ብርታት በሴኮንድ 60 ጊዜ ማስተካከል ከሰው ስሜት አንጻር ከበቂ በላይ ነው። ሞተሩም ያው ነው፤ ጨዋታው የሚልከው የዙሩን ቁጥር ብቻ ሲሆን ድግግሞሹን ፕሮግራሙ ያሰላዋል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚተኩስ፣ በደቂቃ 800 ዙር ቆሞ ሲሠራ 27 ሄርዝ ያህል፣ በ3000 ዙር 100 ሄርዝ፣ በ6000 ዙር 200 ሄርዝ ይሰጣል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከትንሹ ሼከር ክልል ስለሚወጡ ብዙ ሰው ስሌቱን በግማሽ ወይም በሩብ ዝቅ አድርጎ ያስገባዋል። ይህ ከእውነቱ ማፈንገጥ ቢሆንም ጉዳት የለውም፤ ወንበሩ የሚያስፈልገው ነጂው የሚረዳው ምልክት እንጂ የሞተሩ ትክክለኛ ቅጂ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ጠቃሚ የሆነው የጎማ መንሸራተት የሚሰላው በቀላል ንጽጽር ነው። መኪናው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሄደ የጎማው ዙር ግን 90 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና የሚሆን ከሆነ፣ ጎማው በፍሬን ምክንያት 10 በመቶ እየተንሸራተተ ነው። ዙሩ ዜሮ ከሆነ ተቆልፏል። ነዳጅ ሲሰጥ ደግሞ በተቃራኒው የጎማው ዙር ከመኪናው ፍጥነት ይበልጣል። ጎማ መሬትን አጥብቆ የሚይዘው ምንም ሳይንሸራተት ሲቀር አይደለም፤ ጥቂት ሲንሸራተት ነው፣ ከዚያ ካለፈ በኋላ ግን በፍጥነት ይለቃል። የጥሩ ነጂ ሥራ ከዚያ ጠርዝ ላይ መቆየት ስለሆነ፣ ንዝረቱ ከጠርዙ ትንሽ ቀደም ብሎ በስሱ ጀምሮ ጠርዙ ሲታለፍ ጎልቶ ከወጣ፣ ነጂው ፍሬኑን መቼ እንደሚያላላ ከስክሪኑ ሳይጠብቅ ያውቃል። ጎማው ከተቆለፈ በኋላ ብቻ የሚነዝር ወንበር የሆነውን ይናገራል እንጂ አያስጠነቅቅም።

ሲምሃብን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተ ሰው የሚያገኘው የንዝረት ዓይነቶች (ውጤቶች) ዝርዝር ረጅም ነው፦ ሞተር፣ ማርሽ፣ የመንገድ ንዝረት፣ ጉብታ፣ የመም ጠርዝ፣ የጎማ መቆለፍ፣ የጎማ መንሸራተት፣ ግጭት፣ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው የፍሬን ሥርዓት) እና ሌሎችም። ፈተናው ሁሉንም ማብራት ነው። እኔ በዚህ ላይ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው፦ ለመጀመሪያው ጊዜ ሁለት ብቻ ይብሩ፤ የኋላ ጎማ መንሸራተትና መቆለፍ እንደ አንድ፣ የመንገዱ ጉብታና ጠርዝ እንደ ሁለተኛ። ሞተሩ ይጥፋ። የሞተር ንዝረት ለማሳየት ደስ ይላል፤ እንግዳ ሲመጣም መጀመሪያ የሚደነቀው እርሱ ነው። ነገር ግን የማያቋርጥ ንዝረት ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ አካል ለማይቋረጥ ንዝረት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይደነዝዛል፤ ሲደነዝዝም ለሞተሩ ብቻ ሳይሆን በዚያው ድግግሞሽ አካባቢ ለሚመጣው ሁሉ ነው፤ ስለዚህ የጎማው ስስ ማስጠንቀቂያ ይዋጣል። ሁለተኛ፣ የሼከሩ ጥቅል ሽቦ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይሞቃል፣ ትንንሾቹ ደግሞ ከመጠን በላይ ሲሞቁ ይቃጠላሉ። ያለ ሞተሩ ንዝረት መጫወት አልችልም የሚል ሰው ብርታቱን እጅግ ዝቅ አድርጎ ያስገባው።

የቀሩትን ለመጨመር ሲፈለግ በድግግሞሽ መለያየት ያስፈልጋል። የጎማ መንሸራተት በ35 ሄርዝ ከሆነ ጠርዙ በ55፣ የማርሹ ምት ደግሞ አጭርና ጠንካራ ሆኖ በ25 ሊሆን ይችላል። እነዚህ ቁጥሮች ሕግ አይደሉም፤ እንደ ሼከሩና እንደ ወንበሩ ይለያያሉ፤ የማይለወጠው ግን ሁለት መልእክቶች በአንድ ድግግሞሽ ላይ እንዳይቀመጡ ነው።

ከኮምፒዩተሩ እስከ ወንበሩ ያለው ሰንሰለት እንዲህ ነው። ሲምሃብ የሚፈጥረው ንዝረት እንደ ድምፅ በሳውንድ ካርድ ይወጣል፤ ወደ አምፕሊፋየር ይገባል፤ ከአምፕሊፋየሩ በስፒከር ሽቦ ወደ ሼከሩ ይሄዳል። ለሼከሩ የተለየ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ መመደብ ይሻላል። የኮምፒዩተሩ መደበኛ የድምፅ መውጫ ሆኖ እንዳይመረጥም መጠንቀቅ ነው፤ ያለበለዚያ በውድድሩ መሃል የቴሌግራም መልእክት በገባ ቁጥር ወንበሩ ይነዝራል። ባለ ስምንት መውጫ የሆነው 7.1 ካርድ ከሁለት በላይ ሼከር ለሚያስብ ሰው ይጠቅማል። በብሉቱዝ ማገናኘት ግን አይመከርም፤ መዘግየቱ በቀላሉ የሴኮንድ አንድ አሥረኛ ይደርሳል፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ደግሞ በዚያች ቅጽበት 2.8 ሜትር ተጉዟል።

አምፕሊፋየሩ ትልቅ መሆን የለበትም። ቲፒኤ3116 በተባለው ቺፕ የሚሠሩት ትንንሽ አምፕሊፋየሮች በ21 ቮልት ሲመገቡ ለ4 ኦም በአንድ መውጫ እስከ 50 ዋት ይሰጣሉ፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ትንንሽ ሼከር ይበቃል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ኦሙ ላይ ነው። ሁለት ባለ 4 ኦም ሼከሮች ጎን ለጎን በአንድ መውጫ ላይ ሲታሰሩ 2 ኦም ይሆናሉ፤ ብዙ አምፕሊፋየር ይህን አይሸከምም። ተከታትለው ሲታሰሩ 8 ኦም ስለሚሆኑ አደጋ የለውም፣ ኃይሉ ግን ይቀንሳል። አምፕሊፋየሩ እስከ ጥግ ተከፍቶ ድምፁ ሲቆራረጥ ደግሞ ሽቦውን የሚያሞቀው ያ መቆራረጥ ነው፤ ስለዚህ ከዐቅሙ በታች እየሠራ ያለ ጠንካራ አምፕሊፋየር፣ ዐቅሙን አሟጦ ከሚጮህ ደካማ አምፕሊፋየር ለሼከሩ ይሻላል።

በእኛ አገር ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የኤሌክትሪክ መሥመራችን ድግግሞሽ 50 ሄርዝ ነው፤ ይህም በሼከሩ ክልል መካከል ላይ ያርፋል። የኮምፒዩተሩና የአምፕሊፋየሩ የመሬት ሽቦ በሁለት መንገድ ሲገናኝ በስፒከር ላይ የሚሰማው «ኧኧኧ» የሚለው ጉርምርምታ፣ በሼከር ላይ ሲመጣ ወንበሩ ጨዋታው ቆሞም ሳለ ያለማቋረጥ ይነዝራል፤ ባለቤቱም ሞተሩ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ለማረጋገጥ ጨዋታውን ዘግቶ አምፕሊፋየሩን ብቻ ማብራት ነው፤ ወንበሩ አሁንም ከነዘረ ችግሩ ከመሥመሩ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ዕቃ ከአንድ ሶኬት ማከፋፈያ ላይ ማድረግ ወይም በድምፅ ሽቦው መካከል የመሬት መለያ ትራንስፎርመር ማስገባት ይፈታዋል። የመሬት ሽቦውን ራሱን ቆርጦ መጣል ግን ለሕይወት አደገኛ ስለሆነ አይታሰብ። መብራት በሚሄድበትና በሚመለስበት ሰፈር ደግሞ አምፕሊፋየሩ በድንገት ሲበራ የሚልከው ምት ሼከሩን ስለሚጎዳ፣ መብራት ሲሄድ ማጥፊያውን መጫን ልማድ ቢሆን ጥሩ ነው።

ሁሉም ነገር በትክክል ተገናኝቶ ውጤቱ ደካማ የሚሆንበት ዋነኛ ምክንያት አተካከሉ ነው። በብየዳ ቤት ከቱቦላሬ ብረት የተሠራ ጠንካራ ክፈፍ በመሬት ላይ ተጭኖ፣ ወንበሩ በቀጥታ በላዩ ላይ ከታሰረ፣ ትንሹ ሼከር ወንበሩን ብቻ ሳይሆን ክፈፉን፣ ፔዳሉንና መሪውን ሁሉ ማንቀሳቀስ ይኖርበታል፤ አይችልም። መፍትሔው በወንበሩና በክፈፉ መካከል ላስቲክ ማስገባት ነው። ጋራዥ ውስጥ የሚገኘው ያገለገለ ጎሚኒ በየቡሎኑ ላይ ከላይና ከታች ቢገባ ወንበሩ ከክፈፉ ይለያል፤ ሼከሩም የሚያንቀሳቅሰው ወንበሩንና ተቀማጩን ብቻ ይሆናል። ጎሚኒ ካልተገኘ ከአሮጌ ካላማዳሪያ ተቆርጦ የተደራረበ ላስቲክም ይሠራል፣ ቢሆንም ቶሎ ይጠፈጠፋል። ቡሎኑ በጣም ከተጠበቀ ላስቲኩ ተጨምቆ እንደ ብረት ስለሚሆን ጥቅሙ ይጠፋል። ሼከሩ ራሱ ግን በተቃራኒው ከወንበሩ ጠንካራ አካል ጋር፣ ያለ ላስቲክ፣ በሙሉ ጥብቀት መታሰር አለበት። የስፖንጅ ትራስ ላይ የተለጠፈ ሼከር ኃይሉን ለስፖንጁ ይሰጣል። ከአሮጌ መኪና የተነሣ ወንበር ከሆነ ከሥሩ ያለው የብረት ክፈፍ ላይ አንድ ወፍራም ላሜራ በይዶ ሼከሩን እዚያ ላይ ማሰር ከሁሉ የተሻለ ነው።

ሁለት ሼከር ያለው ሰው አንዱን ከወንበሩ በታች፣ ሌላውን ከፔዳሉ ጀርባ ቢያስቀምጥ፣ የኋላ ጎማው በወንበር፣ የፊቱ ጎማ መቆለፍ በእግር ይመጣል፤ አካሉም ያለ ማሰብ ይለያቸዋል። ግራና ቀኝ መለየት ያምራል ተብሎ ቢወራም፣ ንዝረት በብረት ውስጥ በቀላሉ ስለሚጓዝ በአንድ ወንበር ላይ የታሰሩ ሁለት ሼከሮች ብዙውን ጊዜ ይደባለቃሉ። አራት ሼከር ገዝቶ ወንበሩን ከክፈፉ በላስቲክ ካለመለየት፣ አንድ ገዝቶ በትክክል መትከል እጅግ ይበልጣል።

ሼከር ማግኘት ላልቻለ ሰው ሌላ አማራጭ አለ። የጨዋታ ኩባንያው ሴጋ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው የሞተር ብስክሌት ማጫወቻ ማሽን ላይ እጀታው ይነዝር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ በኒንተንዶ መቆጣጠሪያ ላይ የሚሰካ የንዝረት ዕቃና ንዝረት ያለው የሶኒ መቆጣጠሪያ ወጡ። የሶኒው መቆጣጠሪያ በውስጡ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ሞተር ነበሩት፤ በየዘንጋቸው ላይ በአንድ ጎን የከበደ ብረት ስለተሰካ ሲዞሩ ይንቀጠቀጣሉ። ባሕር ዳር ባሉ ጌም ቤቶች ከተበላሹ መቆጣጠሪያዎች የሚወጡት እነዚህ ሞተሮች አርዱይኖ በተባለ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በኩል ከሲምሃብ ጋር ይሠራሉ። ድክመታቸው ብርታትና ድግግሞሽ መነጣጠል አለመቻላቸው ነው፤ ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ብቻ ይበረታል፣ ለመነሣትና ለመቆምም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ለማርሽ ምት ይዘገያሉ፣ ለጎማ መቆለፍ ምልክት ግን ያገለግላሉ፤ በተለይ በፍሬኑ ፔዳል ላይ ሲታሰሩ።

ማስተካከሉ ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ ውጤት ብቻ በርቶ፣ የሚታወቅ መኪናና የሚታወቅ መም ተይዞ፣ ሆን ተብሎ ፍሬን አለአግባብ እየተረገጠ ጎማው ይቆለፍ። ንዝረቱ በስክሪኑ ላይ የጎማው ጭስ ከመታየቱ በፊት ካልጀመረ መነሻው ዝቅ ይበል፤ በቀጥታ መንገድ ላይ ያለ ምክንያት የሚነዝር ከሆነ ከፍ ይበል። ብርታቱ የሚለካው በመጀመሪያው ደቂቃ ሳይሆን ከግማሽ ሰዓት ጨዋታ በኋላ ነው፤ በመጀመሪያ ላይ ትክክል የመሰለው በኋላ ብዙ ጊዜ ይበዛል።

በጌም ቤት ውስጥ ወንበሩን የሚጠቀሙት የተለያየ ክብደት ያላቸው ሰዎች ስለሆኑ፣ ለ50 ኪሎ ልጅ የተስተካከለው ለ90 ኪሎ ሰው ይደክማል፤ ባለቤቱ የአምፕሊፋየሩን ቁልፍ ለደንበኛው በሚደርስበት ቦታ ቢያስቀምጠው ከንትርክ ይድናል። ከክፈፉ እግር በታች ወፍራም ላስቲክ ካልገባ ዝቅተኛው ንዝረት በወለሉ በኩል ጎረቤት ቤት ይደርሳል፤ በኮንዶሚኒየም ላይ ከታች ያለው ነዋሪ ጨዋታውን ሳያየው ይጫወታል። በየጊዜው መታየት ያለበት ደግሞ ዳዶው ነው፤ ንዝረት የተጠበቀን ሁሉ ስለሚያላላ፣ ባለ ሞላ ሮንዴላ ያልገባበት ዳዶ ቀስ በቀስ ይፈታል፣ ሼከሩም ብረት ከብረት እየተጋጨ መንቃጨል ሲጀምር ብዙ ሰው ዕቃው ተበላሸ ብሎ ያወርደዋል፤ በቁልፍ አንዴ ማጥበቅ ነበር የሚበቃው።